የሠራተኛ ቤተሰብ አይሰለፍም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከፈረቃችሁ ላይ ጊዜ ቆርሳችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። አለቃችን ሚስተር ስታንሆፕ፣ ለኬኩ አመሰግናለሁ። ኬኩም እንደ ካዚኖአችን ቺፕ ለአንድ ሰው አንድ ነው። ጋርዝ፣ አንተን እያየሁ ነው።

ንግግር አላውቅም። ቀስ ብዬ ጽፌ መጣሁ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ።

እኔ የካሸር መስኮቱን ስይዝ የመታሰቢያ ቺፕ አሸጣጣችን እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ? ጥቂት ብቻ ታትሞ ይወጣል። ሰብሳቢዎቹ እንደ ቁማር ገንዘብ አይጫወቱበትም፣ ቤታቸው ወስደው ያስቀምጡታል። እነሱ ከመላው ኔቫዳ መጥተው እዚህ ሪኖ ብርድ ላይ ተሰልፈው ሳሉ፣ ግማሹ ቺፕ በጓሮ በር ለእኛ ዘመዶች ይወጣ ነበር። ደንብ ይውጣ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ሰው አንድ። ሠራተኛም የሠራተኛ ቤተሰብም አይሰለፍም።

«ያንቺስ ልጅ?» አለችኝ ዊኖና ከጎኔ ካለው መስኮት። «ኮልቢ በቺፕ ያበደ አይደል?»

«እሱም አይሰለፍም» አልኳት።

ኮልቢ ግን አንድ ቀን ተሰለፈ። እኔ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

«አንድ ይስጡኝ፣ እመቤቴ።»

«የሠራተኛ ቤተሰብ አይሰለፍም፣ ጌታዬ።»

«እናቴን ቢያውቋት ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ ሄደ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ መኪናው በረዶ አዳልጦት ከተራራው መንገድ ወጣ። ከጎኔ ቆማችሁ ቀበራችሁልኝ። ያንን አልረሳም።

ከዚያ የፋሲካው ቺፕ ወጣ። ሰብሳቢዎች ታጣፊ ወንበር ይዘው እንደሚመጡ ታውቃላችሁ። አንዱ እግሩን ሊያፍታታ ሲሄድ ከኋላው ያለው ወንበሩን ወደፊት ይገፋለታል። የዚያን ቀን ጠዋት አንድ አረንጓዴ ወንበር እየተገፋ መጥቶ መስኮቴ ፊት ቆመ። ባዶ ነው።

«የማነው?» አልኩ።

ከኋላው የነበሩት ሽማግሌው ሰብሳቢ ሚስተር ሆችኪስ ናቸው። «እኔ እንጃ። ከንጋት ጀምሮ እየገፋሁለት ነው። ኮፍያ ያደረገ ልጅ ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅረቡ።»

«አይሆንም፣ እመቤት ኔልዳ። እሱ ከፊቴ ነው። የሰው ተራ አልቀማም።»

የመስኮቴ መስታወት ከወዲያኛው በኩል፣ ሰው እንደተነፈሰበት፣ ጉም ለበሰ። ማንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጋርዝ ከካሜራ ክፍል ወረደ። «ኔልዳ፣ ጠዋት ማንን ነበር የምታናግሪው?»

«ሚስተር ሆችኪስን ነዋ።»

«እሱማ ኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባዶ ወንበር ፊት ጎንበስ ብለሽ ራስሽን ስትነቀንቂ ነበር።»

እኔ አላስታውስም። ጋርዝ በሁሉም ነገር ይቀልዳል፣ በካሜራው ግን አይቀልድም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቺፕ በወጣ ቁጥር ወንበሩ ይመጣል። ሰብሳቢዎቹ ለምደውታል፣ ዝም ብለው ይገፉለታል። እኔም «የሠራተኛ ቤተሰብ አይሰለፍም» እላለሁ። የመስታወቱ ጉም ይጠፋል፣ ቀጣዩ ይቀርባል። ምን ላድርግ? ለልጄ ብሰጥ ብርድ ላይ ለቆመው ሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሁላችሁም ስናገር ሰምታችሁኛል። አንዳችሁም አልሳቃችሁብኝም።

ሚስተር ስታንሆፕ «ጡረታሽ ገና ነው፣ ምን ያጣድፍሻል?» ብለውኝ ነበር። መልሴ ይኸውልዎት። አዲሱ ቺፕ ቅዳሜ ይወጣል። ከነገ ጀምሮ እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደለሁም። ኮልቢም የሠራተኛ ቤተሰብ አይደለም።

ዊኖና፣ መስኮቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ወንበሩ ሲደርስ ተራውን አታሳልፊበት። ዋጋውን መሳቢያሽ ውስጥ ትቼልሻለሁ። መስታወቱ ጉም ሲለብስ አንድ ስጪው። ሁለት ይጠይቅሻል፣ አውቀዋለሁ። እንቢ በይው።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅላችሁ። የሄዱ ልጆቻችሁ በራሳቸው እግር ይመለሱላችሁ። የቆማችሁለት ነገር ሳያልቅ ተራችሁ ይድረስ።