ከገለባው ወገን

ባለቤቴ በማሽላ ውቂያ ቀን ብቻ ይቆጣኝ ነበር። «አንቺ ፍሬው ጋ ሁኚ፤ ወደ ገለባው ብቅ ብትይ ሥራ ታበላሺብኛለሽ!» ይለኛል። እኔም አኩርፌ ጆንያዬን እይዛለሁ። ከውቂያው በኋላ ስለሚይዘው ሳል ስጠይቀው «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ዘንድሮ እሱ ካረፈ የመጀመሪያው ውቂያችን ነበር። የመውቂያው ማሽን ከቆቦ ሲመጣ መንሹን አንስቼ በገለባው በኩል፣ እሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆምኩ። ማሽኑ ሲነሳ አቧራው ፊቴን ሞላው፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ቁጭ አልኩ። ጎረቤታችን አያ ሁሴን ማሽኑን አስቁሞ ውሃ ሰጠኝ።

«እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ? አላህ ይማረውና ባልሽ በየዓመቱ ነፋሱን አይቶ ማሽኑን የሚያዞረው አቧራው አንቺ ጋ እንዳይደርስ ነበር እኮ! ‹እውነቱን ከነገርኳት ግትር ናት፣ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች› ይለን ነበር።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አያ ሁሴን መንሹን ወስዶ በእኔ ቦታ ሊቆም ሲል ግን እጁን ያዝኩት።

«ገለባው ይከመር፤ ማሽኑ ሲቆም እንጠርገዋለን።»

«ሥራው ይጓተታል እኮ፣ እታለም!»

«ይጓተት። አንተን ቤት የምትጠብቅህ አለች» አልኩት።