ዶክተሩ እንዳይነቃ

ላንድሮቨሯ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ስትጓዝ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ ከሐኪም ቤት የሚመለሱ እናትን ያናግራል።

«ዶክተሩ አዩዎት እማማ?»

«አየኝ ልጄ። ካድሬዎቹ የገበሬ ማኅበር ደብዳቤ የሌለውን ለምን አከምክ ብለው ስለጠየቁት፣ መልስ ሲጽፍ ነው ያደረው አሉ።»

«እርስዎ ደብዳቤ ነበረዎት?»

«ከየት አምጥቼ? ‹ግድ የለም፣ ይቀመጡ› አለኝ። ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ እንዳሳረፈ እንቅልፍ ጣለው። ግንባሩ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።»

«አልቀሰቀሱትም?»

«በምን አንጀቴ! ሳሌ ሲመጣ በነጠላዬ አፌን አፍኜ ዋጥኩት።»

«ከዚያስ?»

«አንዱ ካድሬ በሩን በርግዶ ‹ጓድ ዶክተር፣ ስብሰባ!› አለው። ብድግ ብሎ ሄደ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሳሌን መች ሰማና ያዝዝልኛል?»

ያፈኑት ሳል እስከ ጎረቤላ አልለቀቃቸውም፤ እኔም ዞር ሳልል በጎኔ ብርድ የሚያስገባውን መስኮት ዘጋሁ።