ከላይ የተጮኸ እንደተነገረ አይቆጠርም

ክቡራትና ክቡራን፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤታችን ባልደረቦች፣ ይህን ድግስ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ኑሮ በተወደደበት ዘመን አንዱን በግ ለክርስቲያኑ፣ አንዱን ለሙስሊሙ አርዳችኋል። ጋቢውንም አይቼዋለሁ። ከወንበር ሥር ደብቃችሁት ጥለቱ ወጥቶ ይታያል።

«ጓዶች» ልበላችሁ ወይስ «ክቡራትና ክቡራን»? ዓምና ቢሆን አይጠየቅም ነበር። ዘንድሮ በ1982 ግን የትኛው እንደሚሻል የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ሁለቱንም ይዤ መጥቻለሁ። የወደዳችሁትን ውሰዱ።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ቦሰና እባላለሁ፣ አንኮበር ተወለድኩ፣ ደብረ ብርሃን ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፣ የኮምፒዩተር ጠባቂ ሆኜ እወጣለሁ። ኮምፒዩተሩ የመጣ ዕለት ትዝ ይላችኋል? ዘበኛችን ሣጥኑን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «በዚህ ብርድ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግልናል?» ያሉት?

ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፣ የሚሠሩበት ክፍሎች ግን ሦስት ናቸው፤ ፕላን፣ ምርጥ ዘርና እንስሳት ጤና። እያንዳንዱ የየራሱ ስምና የሚስጥር ቃል አለው። የእንስሳት ጤናዋ ነሲባ የፕላኑን ሥራ አታይም፣ የፕላኑ ይርጋለምም የእሷን አያይም። ሁሉም የሚሠራበት ፕሮግራም ግን ያው አንዱ ነው። አዲስ ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ «የቀበሌ ቤት በለው» እላለሁ። ክፍሉ የየራስ፣ ጣሪያው የጋራ። አንዱ ቆርቆሮ ልቀይር ብሎ የወጣ ቀን የጎረቤቱ አልጋ ላይ ይዘንባል።

ጣሪያው የሚነሣበት ቃል፣ የዋናው ተቆጣጣሪ የሚስጥር ቃል ማለቴ ነው፣ እስካሁን እኔ ዘንድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አዲስ ፕሮግራም መጥቷል። ዛሬ ጠዋት ይርጋለም ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«እትዬ ቦሰና፣ ቃሉን ይስጡኝና ቅዳሜ ላስገባው» አለኝ።

«ሌሎቹስ?» አልኩት።

«ዛሬ በስንብትዎ ላይ እናገራለሁ። ሁሉም ይሰማል።»

ሁሉም ይሰማል ሲለኝ እሺ አላልኩትም። ለምን መሰላችሁ? የዛሬ ሁለት ዓመቱን ነገር አዲሶቹ አታውቁትም፣ ነባሮቹ ልትረሱት ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ በስንብቴ ቀን ደስ የማይል ወሬ ላወራ ነው። ታገሡኝ።

በ1980 ግንቦት ላይ እንደዚሁ አዲስ ፕሮግራም መጣልን። የምርቱን ነገር በሥዕል የሚያሳይ ነበር። የበላዮቻችን አይተው ወደዱት። ለሠራተኛው ይነገር ተባለ። የት ተነገረ? ሰኞ ዕለት፣ የውይይት ክበብ ላይ። የውይይት ክበብን ታውቁታላችሁ። አንባቢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይጨበጨባል፣ ዝቅ ሲያደርግ እንቅልፍ ነው። ይርጋለም «በአሮጌው ፕሮግራም ምትክ አዲሱ ይገባል» ብሎ አነበበ። አጨበጨብን። ነሲባም ከመካከላችን ሆና አጨበጨበች። በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ቀጥሎ ንብረት ክፍል ተሄደ። አቶ ገብረ ጻድቅ ደንበኛ የግምጃ ቤት ሰው ናቸው፣ ከእሳቸው እጅ መርፌ አይጠፋም። «አሮጌ ጎማ ሳይመልስ አዲስ ጎማ የሚወስድ ሾፌር አይቼ አላውቅም» አሉ። የድሮው ፕሮግራም ያለባቸው ዲስኬቶች ተመለሱ። እሳቸውም የተመለሰ ዕቃ ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ እንደ ልማዳቸው በወረቀት መብሻ በሷቸው። አቶ ገብረ ጻድቅ፣ አንገትዎን አይድፉ። ጎማ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የታዘዘውን ነው ያደረገው። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ነሲባ ተቀመጠች፣ ስሟን ጻፈች፣ የሚስጥር ቃሏን አስገባች። ገባችበት፤ ሥራዋ ግን አልከፈት አለ። አዲሱ ፕሮግራም የፕላኑን ብቻ ወደ ራሱ አዛውሮ፣ የእሷን ጽሑፍ አላውቀውም አለ።

«እትዬ ቦሰና፣ አለ እኮ! ስሙ ይታየኛል። አይከፈትም እንጂ አለ» አለችኝ።

ምን ነበር ሥራዋ? ከአልዩ አምባ ቁልቁል የየትኛው መንደር ከብት ለአባ ሰንጋ እንደተከተበ፣ የትኛው ገና ተራውን እንደሚጠብቅ። ወረቀቱስ የት ሄደ ትሉኝ ይሆናል። ወረቀቱማ ኮምፒዩተር መጣ ተብሎ ወጥቶ የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። የድሮውን ፕሮግራም መልሳችሁ ላኩልን ብለን ወደ አዲስ አበባ ጻፍን። የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ክትባቱ ለሁሉም አይበቃም፣ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። በግምት ወደ መንደሮቹ ተወረደ። የተከተበው ከብት ዳግመኛ ተከተበ፣ ያልተከተበው እንደ ቀረ ቀረ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሽማግሌ ዳገቱን ወጥተው፣ ዝናብ እንደመታቸው ቢሯችን ገቡ። አቶ ዓወል ይባላሉ፣ የነሲባ አገር ሰው ናቸው። ጥንድ በሬያቸው ሞቶባቸዋል። በእርሻ ወቅት በሬ የሞተበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ይጮሁብናል ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«አልሐምዱሊላህ፣ የሰጠው አላህ ወሰደ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። የኛ መንደር እንዳልተከተበ ታውቁ ነበር? ካላወቃችሁ አልቀየምም።»

ማን ይመልስ? እናውቅ ነበር ወይስ አናውቅም? ሣጥኑ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፣ በሩን የዘጋንበት እኛው ነን። ነሲባ በልጅነቷ ከሚያውቋት ሰው ፊት ቆማ አለቀሰች። እኔ ሻይ ላምጣልዎ ብዬ ወጣሁ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህ ነገር ካለፈ በኋላ የቢሯችንን ደንብ ያመጣችልን ነሲባ ናት። አባቷ በሰፈራቸው መስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው።

«በኛ አገር ውሃ የሚያዞር ሰው ከሁሉ በታች ያለው ማሳ ድረስ ወርዶ ባለቤቱን ፊት ለፊት ያናግራል። ከላይ የተጮኸ እንደተነገረ አይቆጠርም» አለችኝ።

«ለምን?» አልኳት።

«ከላይ ለሚጮህ ሰው የሚመልስለት ገደሉ ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ሊቀየር ሲል እያንዳንዱ ባለሥራ ጋ እየሄድን፣ ሥራውን ገልብጠን በአዲሱ እንከፍትለታለን። ተከፍቶ በዓይኑ ሳያይ አሮጌው አይነሣም፣ ዲስኬቱም አይበሳም። አንድ ጊዜ ምርጥ ዘር ቆዩ አለን፣ ቆየን። ሰማይ አልተደፋም።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ነሲባ እዚህ የለችም። ሰኞ ለክትባት ቆላ ወርዳለች፣ የምትመለሰው በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው። የምርጥ ዘሩ ጣሰው ግን እዚሁ አለህ። ጣሰው፣ አዲሱ ፕሮግራም የዘሩን ሥራ እንደሚከፍት አይተሃል? አላየህም። ይርጋለም ተነሥቶ ቢናገር ግን ልታጨበጭብ ነበር። አትፈር፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን።

ኃላፊያችን ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ የሚስጥር ቃሉን ዛሬ በሰው ፊት ለይርጋለም እንዳስረክብ አዘውኛል። አላስረክብም። የምደብቅዎት ነገር የለም፤ አስረክቤ ጨርሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ነሲባን መኪና ተራ ስሸኛት በጆሮዋ ነግሬያታለሁ። ከሁሉ በታች ያለችው እሷ ናት፣ ውሃው ሲዞር ቀድሞ የሚደርቀው የእሷ ማሳ ነው። ፊትዎ ሲለወጥ አየዋለሁ። ይህን የምናገረው የጡረታ ደብዳቤዬ ከተፈረመ በኋላ ነው፣ ሞኝ አይደለሁም።

ይርጋለም፣ አንተን ጠልቼ አይደለም። እንደ ልጄ ነህ፣ ሥራ ወዳድ ነህ፣ ጥድፊያህ ብቻ ነው የሚያስጨንቀኝ። ረቡዕን ጠብቅ። የነሲባ ሥራ ከተከፈተ፣ የጣሰውም ከተከፈተ፣ ቃሉን አትነፍግህም። ካልተከፈተ ግን አትሰጥህም። አደራ ብያታለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ደስ ብሎኝ የምሄድ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው የምሄደው። አንድ ልጅ አለኝ፣ ሰሜን ጦር ግንባር ነው ያለው፣ ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ። ወደዚያ ሲሄድ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ንግግር ተደርጎ ነበር። ያን ቀን ምን እንደተባለ አሁን ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ጭብጨባው ግን ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የላካችኋቸውን ልጆች በደጃችሁ ቆማችሁ ለመቀበል ያብቃችሁ። የገበሬው በሬ ከቀንበር አይጉደል። ነሲባን ከቆላው በሰላም ያውጣልን። አቶ ዓወል ዳግመኛ ዳገቱን የወጡ እንደሆነ፣ ለጥያቄያቸው ቀና ብሎ የሚመልስ ሰው ከእናንተ መካከል አይጥፋ። እኔ ላላየው እችላለሁ፣ እናንተ ግን የተሻለ ቀን እዩ።

አሁን ልቀመጥ ነው። እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ ለእኔ አታጨብጭቡ። ሊሰናበተኝ የፈለገ ከወንበሩ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።