የገበያነሽ አበባና የመንዝ ብርድ

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ሞላሌ መናኸሪያ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አፌን ዘግቼ መቀመጥ አልችልበትም። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ጭናቸው ላይ ያለውን የማዳበሪያ ከረጢት በጋቢያቸው ሸፋፍነው አቅፈውታል።

«ጋሼ፣ ዶሮ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ዶሮማ ቢሆን ምን ነበረበት። የአበባ ሥር ነው» አሉኝ።

ስማቸው አቶ ተክለጻድቅ ነው፤ ከሞላሌ አለፍ ብሎ ገብስ የሚዘሩ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ነገሩን እንዲህ ብለው አጫወቱኝ። ደብረ ብርሃን አበባ እርሻ የምትሠራው ልጃቸው እየሩስ ከስድስት ዓመት በፊት ለእናቷ ለወይዘሮ ገበያነሽ ፒዮኒ የሚባል አበባ ሥር ከነፎቶግራፉ ላከችላት። በፎቶው ላይ አበባው ሁለት እጅ ሙሉ ይሆናል፤ እንደ ጥቅል ጎመን የተደራረበ፣ መልኩም ሮዝ ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ «እንግዳዬ» ብላ ስም አወጣችለት፤ ከደጃፏም አስተከለችው። በየዓመቱ ቅጠል ብቻ ሲያበቅል ከረመ። እሷም አምና አረፈች።

«ሳታየው ሄደች» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «አሁን በደብረ ብርሃን አልፌ ዓለም ከተማ ለምትኖር እህቷ ልሰጠው ነው። እዚያ ሙቀቱ አለ፤ ያብብላታል። እዚህ ብርዱ ቀፍድዶ ያዘው።»

ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ዞር አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ሳላስበው ሰማሁዎት። ቆላ ካወረዱት መቼም አያብብም።»

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሐል ሜዳው የአቶ ምስክር ልጅ፣ እስከዳር እባላለሁ። የተማርኩት ግብርና ነው።»

«ምስክርንማ አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው። እንዲያው ልጄ፣ ብርድ የሚወድ አበባ የት አገር አለ? እኛስ ብንሆን ወደን ነው የምንኖርበት?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እስከዳር ግን ፍንክች አላለችም። «ይሄኛው ይወዳል አባባ። ብርድ ካልነካው አይተኛም፤ ካልተኛ ደግሞ እምቡጥ አይቋጥርም። ለመሆኑ ውርጭ ሲመጣ ምን ያደርጉለት ነበር?»

«የሚደረገውን ሁሉ ነዋ። ሲተከል እንደ ድንች በጥልቁ ቀበርኩት። ኅዳር በመጣ ቁጥር አፈር አለብሰዋለሁ፤ በላዩ የበግ ፍግ፣ በዚያ ላይ ጓሳ ሣር እከምርበታለሁ። ልጄ በስልክ ተው ብላኝ ነበር። የመንዝን ውርጭ አንቺ ልትነግሪኝ ነው ብዬ ተቆጣኋት።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ በሽማግሌው አይሳቅ። እኛ መንዞች የወደድነውን ሁሉ መሸፈን ነው የምናውቀው፤ ሕፃኑንም፣ እንግዳውንም፣ የታመመውንም። እኔ ራሴ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። የጎደለን ነገር ቢኖር ለሚያውቀው ሰው ጆሮ መስጠት ነው።

«አባባ፣ የመንዝ በግ ቆላ ወስደው ያውቃሉ?» አለች እስከዳር።

«አንድ አውራ ለአማቼ ወስጄ ነበር። ሲያለከልክ ከርሞ ጠጉሩ ተመለጠና ዓመት ሳይሞላው ሞተ።»

«ምን ገደለው?»

«ሙቀቱ ነዋ።»

«ይሄም እንደዚያው ነው» አለችና ከረጢቱን አስፈትታ ሥሩን ገለጠችው። እንደ ድንች ዓይን ያሉ ቀያይ ቡቃያዎች ጫፍ ጫፋቸውን አውጥተዋል። እኔም ለማየት ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እስከዳር ቀጠለች፤ «አዩት? አልሞተም። እነዚህ ዓይኖች ከሁለት ጣት በላይ አፈር ሊጫናቸው አይገባም። ከዚያ ጠልቆ ከተቀበረ ቅጠል እንጂ አበባ የለውም። ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይትከሉት። ብርዱ እንዲደርሰው ፍጉንና ሣሩን ከአናቱ ያርቁለት። ከዚያ በኋላ አይነካካ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይታገሡት።»

አቶ ተክለጻድቅ ቀያዮቹን ዓይኖች በጣታቸው ዳበስ አደረጉ። «ገበያነሽ በየጧቱ ‹ዛሬስ ምን አለ?› ትለኝ ነበር። ‹ብርዱ ነው› እላት ነበር» አሉ።

«ወድደውት ነው የሸፈኑት፣ አባባ» አለች እስከዳር ቀስ ብላ።

ይሄኔ ረዳቱ «ሞልቷል፣ እንሂድ» ብሎ በሩን ሊዘጋ መጣ። አቶ ተክለጻድቅ ተነሡ። «አውርደኝ ልጄ፣ ወደ ቤቴ ነኝ» አሉት። እስከዳርም ተከተለቻቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ለጡረታ ጉዳይ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ቀጠሮው ይጥፋ ብዬ ወረድኩ። ረዳቱ ለአበባ ብለው ሦስት ሰው አጎደሉብኝ እያለ ሲነጫነጭ ቀረ።

የዚያኑ ቀን ተከልነው። ሽማግሌው በጣታቸው ሊለኩ ሲሉ እስከዳር «የእርስዎ ሁለት ጣት የእኔን አራት ያህላል፤ በእኔ ይለካ» ብላ አሳቀችን።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ስልኬ ጮኸ። «መምህር፣ ቶሎ ይድረሱ» አሉኝ አቶ ተክለጻድቅ። እየሮጥኩ ነው የደረስኩት ብል አልዋሸሁም። ሦስት አበባ ፈክቷል፤ ትልቁ ፊቴን ሊሸፍን ምንም አልቀረው። ጎረቤት ሁሉ ከቦታል። አቶ ተክለጻድቅ መካከል ቆመው አስተማሪ ሆነዋል።

«ውርጩ ደጁን ነጭ ባደረገ ጊዜ ሁለቴ ጋቢዬን ላለብሰው ይዤ ወጥቼ፣ ሳላለብሰው ተመልሻለሁ። ጉንዳን እምቡጡን ሲወርረው መድኃኒት ልረጭ ነበር፤ መጀመሪያ እስከዳርን ልጠይቅ አልኩ። ‹ጣፋጩን ሊልስ ነው የመጣው፣ አይጎዳውም› አለችኝ። ከያዘ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ይኖራል አሉ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሥሩ ሲበዛ በመስከረም እየከፈልኩ ለየቤታችሁ እሰጣለሁ። ስንሸሸው የኖርነው ብርድ ሀብታችን ኖሯል። የዓለም ከተማዋ የገበያነሽ እህት ግን ትምጣና እዚሁ ትየው፤ ጋቢ ይዛ።»

ሰዉ እየተሳሳቀ ተበተነ። እኔ ልሰናበታቸው ስመለስ የገበያነሽን በርጩማ ከቤት አውጥተው ከአበባው አጠገብ ሲያስቀምጡ አየሁ። መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ዛሬ አበበ» አሉ ወደ በርጩማው ዞረው። «ብርዱ አልነበረም፣ ገበያነሽ። እኔ ነበርኩ።»