ለሁለት የተቀደደው ካፒቴን

ከበደሳ ወደ ጭሮ በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ከፊቴ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ከአንድ የጠፈር ፊልም የተወሰደ የእንግሊዝኛ ልብወለድ አግኝተው፣ ማን ቀድሞ ያንብብ በሚል ሲጨቃጨቁ መሐል ለመሐል ቀደው ተካፍለውታል።

«ካፒቴኑ ማርስ ደረሰ?»

«እኔ ጋ ሲጀምርም ማርስ ላይ ነው። እንዴት እንደሄደ አንተ ንገረኝ።»

«እኔ ጋ መንኮራኩሯ ስትነሳ አለቀ።»

«ጎበዝ። ደህናዋን ለራስህ፣ የተበላሸችውን ለኔ።»

«ፊልሙን አዲስ አበባ ያየው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ ካፒቴኑ ይሞታል ብሏል።»

«እሱ ስብሰባ ላይ የሚተኛ ሰው፣ ሲኒማ ቤት ነቅቶ ሊያይ ነው?»

«እሺ፣ በመጨረሻ ወደ መሬት ተመለሰ?»

«አላውቅም። የመጨረሻዎቹን ገጾች አከራዬ አዴ ሩቂያ ወስደውብኛል።»

«እንግሊዝኛ ያነባሉ እንዴ?»

«ኦቾሎኒ ይጠቀልሉበታል። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሲሸጡ ደረስኩባቸው።»

«ታዲያ አታስጥልም ነበር?»

«ምኑን ላስጥል? ካፒቴኑን ገበያተኛው በኪሱ ይዞት ሄዷል።»

«እና እኔ ማርስ ላይ ልቅር?»

«ዝውውር ጠይቅ። ከበደሳ ይልቅ ከማርስ ይቀልልህ ይሆናል።»

እኔም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን የኦቾሎኒ ጥቅሌን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።