ከግራፉ የጠፋው ምልክት

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ መሪጌታና ላፕቶፑ ላይ ግራፍ የከፈተ ወጣት የግብርና ባለሙያ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ከቁጥሮቹ ፊት ቦታ የተውኸው እንደኛ ቁም ጸሐፊ የቅዱሳንን ስም ኋላ በቀይ ቀለም ልትጽፍበት ነው?»

«አይ፣ የኔታ። የመቀነስ ምልክት ነበረበት። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ የምልክቱን ፎንት፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ ስላጣ ግራፉ ላይ ባዶ አደረገው።»

«ምኑ ነው የቀነሰው?»

«የአዲሱ ገብስ ምርት። ከነባሩ ያንሳል።»

«ይበልጣል ብላችሁ አይደል እንዴ ዘሩን ያደላችሁን?»

«ምልክቱ ስላልታየ የጨመረ መስሎን ነው።»

«እኛማ ዘርተነዋል።»

«ቆይ፣ ፎንቱን ጫንሁት... ይኸው! ተስተካከለ፣ የኔታ።»

«ገብሱ?»

«ምልክቱ።»

ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ አዲሱን ገብስ ለዘሩት አዝኜ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ዳር የገብስ ማሳ ቀና ብዬ አላየሁም።