ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተዘጋጀው የእሳት አደጋ ትምህርት በኮምፒውተር ሲከፈት ሃያ አራቱም ምልክቶች ተጨፍልቀው ተገኙ። ወደ መውጫው የሚሮጠው ሰውዬ ጎኑ ሰፍቶ የተኛ መስሏል፤ የእሳት ማጥፊያው ድስት አክሏል። ሥራ አስኪያጁ ምልክቶቹን የሣለችውን ልጅ በስብሰባ ላይ ወቀሷት። የስህተቱን ምክንያት እስከ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ካላቀረበች ውሏ እንደማይታደስም ነገሯት።

አምስት ሰዓት ላይ ሻይና አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ትምህርቱ ገጽ አቀናባሪ ጠረጴዛ መጣች። ሃያ ዓመት ጋዜጣ ሲያቀናብሩ ኖረው የመጡ፣ ቢሮው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው።

"ስኳሩ አልበዛም ጋሼ?... ዛሬ ደግሞ አየሩ እንዴት ደስ ይላል! እኔማ ጠዋቱን ሙሉ ሐኪም ሆኜ አረፈድኩ። ሥዕሉን ከራሴ ኮምፒውተር ከፈትኩት፣ ጤነኛ! ባዶ ገጽ ላይ አስገባሁት፣ አሁንም ጤነኛ! በተበላሸው ገጽ ላይ 'ወደ ዋናው መጠን መልስ' የሚለውን ስጫንማ የተኛው ሰውዬ ብድግ ብሎ ሮጠ። ታዲያ በሽታው ከየት መጣ? ከእጅ ነዋ!..."

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ጎን ወዳለው ግርዶሽ አየት አድርገው ፈገግ አሉ። ከግርዶሹ ወዲያ ሥዕሎችን ወደ ትምህርቱ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚጭነው ቴክኒሻን ተቀምጧል። ልጅቷ ቀጠለች።

"ሥዕል ሲያሳድጉት ከማዕዘኑ ነው የሚጎትቱት፤ ቁመቱም ወርዱም አብሮ ያድጋል። ከጎኑ የጎተቱት እንደሆነ... ያው ይወፍራል። ግን ይሄ ለእኛ ለተራዎቹ ነው። አንዳንዱ ከማወቅ በላይ ነው፤ እሱን ማን ደፍሮ 'ማዕዘኑን ያዝ' ይለዋል? ደግነቱስ! ባዶ ቦታ ካየ አንጀቱ አይችልም፤ ጠባቡን ሳያሰፋ እጁ አያርፍ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በሻማ ተፈልጎ ይገኛል?"

ጋሼ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ፍጥነቱም ጉድ ነው፤ ሃያ አራት ምልክት በአንድ ከሰዓት! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሲሮጡ የለጠጡትን ግን... ሌላው ቁጭ ብሎ ነው የሚፈታው። ሆደ ባሻነቱን ደግሞ አይጠይቁኝ! ስብሰባው ላይ እኔ ስወቀስ ራሱን እየነቀነቀ እንዴት አዘነልኝ መሰለዎት! ቃል ግን አልወጣውም። ዝም አይነቅዝም አይደል? የእኔ ውል ነው እንጂ ስድስት ሰዓት ሲሆን የሚነቅዘው..."

ቴክኒሻኑ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ጋሼ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ምነው ጋሼ፣ ቀዘቀዘብዎት እንዴ? በሉ ልሂድ፣ ይቺን ወረቀት እዚህ ልተዋት። ዕድሜ ይስጥልኝ። እጅዎ የነካው ሁሉ ይስፋ፤ ባዶ ቦታ አያሳይዎት!"

ወረቀቱ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው ማብራሪያ ነው። ያደረገችው ምርመራ በተራ ተጽፎበታል። ከኋላው ፕሮግራሙ የመዘገበው ዝርዝር ተያይዟል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሃያ አራት ምልክቶች፣ ሁሉም ከጎን የተለጠጡ፣ ሁሉም በጋሼ ስም። "የስህተቱ ምክንያት" ከሚለው በታች ግን ልጅቷ አንድም ቃል አልጻፈችም።

ወረቀቱ በስድስት ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ባዶ ቦታ አልነበረበትም። የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች የእጅ ጽሕፈት የልጅቷ አልነበረም።